«በፋይል ላኪልኝ» ተብዬ የላክሁት ፎቶ የቤቴን ቦታ ይዞ ሄደ፤ በፎቶ ውስጥ የተደበቀውን መረጃ እንዴት አይቼ ላጥፋው?

ጥያቄ፦ በርጩማ ሻጯ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጅማ ከተማ ውስጥ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሰፈሬን ለምን እንደማልጠቅስ ከጽሑፌ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። ወንድሜ ከአንድ ወጥ ግንድ እየፈለፈለ የሚያወጣቸውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም ቻናል የምሸጠው እኔ ነኝ። በርጩማዎቹ ተጠርበውና ተወልውለው ሲያልቁ ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ በረንዳዬ ላይ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስለሚገባ የእንጨቱ መስመር ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። ለገዢ የቤቴን አድራሻ ነግሬ አላውቅም፤ ርክክቡ ሁልጊዜ መርካቶ በሚገኝ የዘመድ ሱቅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የማላውቀው ወጣት በሬን አንኳኳ፤ የከፈተችለት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነበረች። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ሁለቱን በርጩማዎች ለማየት እንደመጣ ነገረኝ። ቤቱን ማን እንዳሳየው ስጠይቀው፣ ምንም የሚደብቀው ነገር እንደሌለ ሰው ስልኩን አውጥቶ የላክሁለትን ፎቶ ከፈተ፤ ወደ ላይ ሲገፋው ከፎቶው ሥር ካርታ ወጣ። በካርታው ላይ ያለችው ምልክት ያረፈችው በእኔ ጣሪያ ላይ ነበር።

ወጣቱ ቅን ሰው ነበር፤ ገዝቶም ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ሳይሆን፣ ያንን የመሰለ ፎቶ ከእሱ በፊት ለስንት ሰው እንደላክሁ ማሰቤ ነው። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ደግሞ ያው ፎቶ በቻናሉ ላይ ተለጥፎ ሳለ ከዚያ አውርጄ ስከፍተው ካርታ የማይታይ መሆኑ ነው። ለወጣቱ የላክሁለት «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላኪልኝ» ስላለኝ በፋይል ነበር።

የማላውቀውን ልጠይቃችሁ። ፎቶ በውስጡ ከሚታየው ምስል ሌላ ምን ይይዛል? የእኔ ፎቶዎች ምን እንደያዙ እንዴት ማየት እችላለሁ? ጥራታቸውን ሳላበላሽ ማጥፋትስ እችላለሁ? እስካሁን የላክኋቸውንስ ምን ላድርጋቸው? የእኔ ስልክ ቴክኖ፣ የወንድሜ ሳምሰንግ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ዊንዶውስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ አለን። ስለ ኮምፒውተር ያለኝ እውቀት ትንሽ ስለሆነ በግልጽ ቋንቋ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የኮምፒውተር መምህር

እህቴ፣ በደረሰብዎ ድንጋጤ ከልብ አዝናለሁ። በዚህችው ከተማ ኮምፒውተር የማስተምር ሰው ነኝ፤ ጥያቄዎ ተማሪዎቼም አዘውትረው የሚሳሳቱበት ስለሆነ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳዎት።

ስልክዎ ፎቶ ሲያነሳ የሚያስቀምጠው አንድ ፋይል በውስጡ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው በዓይናችን የምናየው ምስል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ምስሉ የተጻፈ መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ሜታዳታ ይባላል፤ በስልክና በካሜራ ፎቶዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ኤግዚፍ የተባለው ሲሆን፣ ደረጃው መጀመሪያ በ1995 እ.ኤ.አ. በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወጣ ነው። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ምስሉን በምን ያህል ብርሃንና ፍጥነት፣ በየትኛው ካሜራና በስንት ሰዓት እንዳነሳው በማስታወሻ ደብተር ከመመዝገብ እንዲያርፍ የታሰበ ነው። ችግሩ የመጣው ካሜራው፣ ስልኩና ጂፒኤስ የሚባለው የሳተላይት መገኛ መለያ በአንድ ዕቃ ውስጥ ገብተው በሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ሲገኙ ነው፤ ያን ጊዜ መዝገቡ የቴክኒክ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ የሰው ውሎ ማስታወሻ ሆነ።

መገኛው ምን ያህል ትክክለኛ እንደሆነ በእኛው ከተማ ላሳይዎት። ጅማ በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስልኩ ዲግሪና ደቂቃ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ የከተማዋን ስም ከመናገር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ አንድ ደቂቃ በመሬት ላይ ከ1.8 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና። ስልኩ ግን እስከ ሰከንድ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ ድረስ ይጽፋል። አንድ ሰከንድ 31 ሜትር ያህል ናት፤ ክፍልፋዩ ሲጨመርበት በእርስዎ በረንዳና በጎረቤትዎ ግቢ መካከል ያለውን ልዩነት ይለያል። ወጣቱ በሩን ሳይሳሳት የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፎቶው ውስጥ «15:40» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። በዚያው ፎቶ የጂፒኤስ ክፍል ውስጥ ደግሞ «12:40» የሚል ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን የሳተላይቱ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚመዘገብ ነው። እርስዎ በጠዋት ፀሐይ ማንሳት እንደሚመርጡ ነግረውናል፤ እርስዎ ባይነግሩን እንኳ አሥር ፎቶዎችዎን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በየትኞቹ ቀናትና በስንት ሰዓት ቤት እንደሚገኙ ማወቅ ይችላል። ለእኔ ከካርታው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በቻናሉ ላይ ካርታው ያልታየበት ምክንያት ይህ ነው። ቴሌግራም አንድን ምስል በፎቶነት ሲልክ መጠኑን ቀንሶ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ በዚህ ጊዜ መዝገቡ ይወድቃል። በፋይልነት ሲልክ ግን አንዲት ፊደል ሳይነካ እንዳለ ያደርሰዋል። ዋትስአፕም በፎቶና በዶክመንት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ በኢሜይል አባሪነት የሚላክ ፎቶም መዝገቡን ይዞ ይሄዳል። ፌስቡክ ለተመልካች በሚያሳየው ቅጂ ላይ መዝገቡን ቢያወጣም፣ ፎቶውን ሲጭኑ መዝገቡ ወደ ኩባንያው መድረሱን አይርሱ።

ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዲሴምበር 2012 ጆን ማካፊ የተባለው የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር መሥራች ከቤሊዝ ፖሊስ ተሸሽጎ ሳለ፣ አብሮት የነበረው የቫይስ መጽሔት ቡድን በድረ ገጹ ላይ ያወጣው ፎቶ መገኛውን በውስጡ ይዞ ስለነበር ሰውዬው ጓቲማላ ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ፎቶውን ያወጡት ሥራቸው ይኸው የሆነ ባለሙያዎች ነበሩ።

ለማየት ቀላሉ መንገድ ወጣቱ ያሳየዎት ነው፤ በጉግል ፎቶስ ውስጥ ፎቶውን ከፍተው ወደ ላይ ይግፉት። የወንድምዎ የሳምሰንግ ጋለሪም በተመሳሳይ መንገድ ያሳያል። ነገር ግን በስልኩ ብቻ አይወሰኑ። ጉግል ፎቶስ አንዳንድ ጊዜ በፋይሉ ውስጥ የሌለን መገኛ ከሌላ መረጃ ገምቶ ያሳያል። በተቃራኒው ደግሞ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ አንድ መተግበሪያ ለይቶ ፈቃድ ካልተሰጠው የፎቶውን መገኛ ስለማያገኝ፣ መገኛ ያለውን ፎቶ የሌለው አስመስሎ ሊያሳይዎት ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን በኬብል ወደ ላፕቶፕዎ ይቅዱ፤ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑት፤ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ዲቴይልስ» የሚለውን ይክፈቱና ወደ ታች ይውረዱ። «ጂፒኤስ» የሚል ክፍል ካገኙ መገኛው አለ ማለት ነው።

ዊንዶውስ ሁሉንም አያሳይም። ሙሉውን ለማየት ፊል ሃርቪ የተባለው ባለሙያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚያቀርበው ኤግዚፍቱል የተባለ ፕሮግራም አለ፤ የስልኩ አምራች በራሱ ቋንቋ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች ሳይቀር ያወጣል። «ፎቶዎን ወደዚህ ይጫኑ፣ እኛ እናጸዳልዎታለን» የሚሉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። አይጠቀሙባቸው ብዬ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ሊሸሽጉት የፈለጉትን መረጃ በገዛ እጅዎ ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ይሆናልና።

መልስ፦ የስቱዲዮ ሰው

መምህሩ ስለ ምንነቱ በደንብ ስላብራሩት እኔ ወደ ማጥፋቱ ልሂድ። በሠርግና በምረቃ ፎቶ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ነኝ፤ «በፋይል ላክልኝ» የሚለውን ቃል በቀን ደጋግሜ እሰማለሁ፣ እኔም ለደንበኞቼ እላለሁ። ፎቶ ለማተም ሙሉ ጥራት ስለሚያስፈልግ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገዢዎ የእንጨቱን መስመር አጉልቶ ማየት መፈለጉም አያስወቅሰውም።

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ምንጩን ይዝጉት። የስልክዎን ካሜራ ከፍተው ወደ ሴቲንግ ይግቡ፤ ስለ ሎኬሽን ወይም ስለ ጂፒኤስ የሚናገር ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ ያጥፉት። የወንድምዎንም ስልክ እንዲሁ። አይፎን የያዘ ዘመድ ካለ በሴቲንግ ውስጥ ለካሜራው የተሰጠውን የሎኬሽን ፈቃድ መከልከል ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚነሱት ፎቶዎች ሰዓትና የስልክ ሞዴል ቢይዙም ቦታ አይዙም።

ቀድሞ ለተነሱት በላፕቶፑ ላይ መምህሩ ባሳዩዎት «ዲቴይልስ» ገጽ ግርጌ ላይ «ሪሙቭ ፕሮፐርቲስ ኤንድ ፐርሰናል ኢንፎርሜሽን» የሚል መስመር አለ። ሲጫኑት ሁለት ምርጫ ይሰጥዎታል፤ ሊወገድ የሚችለው ሁሉ የወጣለት አዲስ ቅጂ እንዲያዘጋጅልዎ የሚለውን ይምረጡ። ብዙ ፎቶ በአንድ ላይ መርጠውም መሥራት ይችላሉ። ምስሉ እንደ አዲስ ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይቀንስም። ሲጨርሱ ቅጂውን መልሰው ከፍተው ያረጋግጡ፤ እኔ ሳላረጋግጥ ለደንበኛ የምሰጠው ፎቶ የለም።

ብዙ ፎቶ በየጊዜው የሚሠራ ሰው ግን ኤግዚፍቱልን ቢለምድ ይሻለዋል፤ አንድ ሙሉ ፎልደር በአንድ ትእዛዝ ያጸዳል። በእሱ ሦስት ነገር ደርሶብኛል። የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ለጥንቃቄ ሲል ያልጸዳውን ፎቶ በስሙ ላይ «ኦሪጅናል» የሚል ቃል ጨምሮ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ለደንበኛ ስገለብጥ የጸዳውንም ያልጸዳውንም አብሬ ሰጥቼ አውቃለሁ። ሁለተኛው፣ ስልክን አቁመን ስናነሳ ብዙ ጊዜ ምስሉ የሚቀመጠው ተጋድሞ ነው፤ «አቁመህ አሳየው» የሚለው መመሪያ የተጻፈው በዚሁ መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ሁሉንም ሲያጠፉ ፎቶው በጎኑ ይተኛል። ስለዚህ የአቅጣጫውን መመሪያ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ የቀለም መግለጫውም አብሮ ስለሚወጣ በአንዳንድ ስልኮች የተነሳ ፎቶ ቀለሙ ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የበርጩማዎ የእንጨት ቀለም ለገዢው ዋና ነገር ስለሆነ ይህን ልብ ይበሉ።

ከመገኛው ሌላ እኔን በጣም ያሳፈረኝ ነገር አለና ልናገረው። ብዙ ካሜራዎች በመዝገቡ ውስጥ የፎቶውን ትንሽ ምስል አብረው ያስቀምጣሉ፤ ፎልደር ስንከፍት ፎቶዎቹ ቶሎ እንዲታዩን የሚረዳው እሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ ከልጇ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ለማስታወቂያ ስለፈለገችው፣ ልጁ እንዳይታይ ቆርጬ እንዳወጣው ለመነችኝ። ቆርጬ ሰጠኋት። በዚያን ጊዜ የምጠቀምበት የማስተካከያ ፕሮግራም ዋናውን ምስል ሲቆርጥ ትንሹን አላደሰውም ነበርና፣ ፎቶውን የተቀበለው ሰው ፎልደሩን ሲከፍት ልጁ ከነፊቱ በትንሹ ምስል ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ይቅርታ ጠይቄ በድጋሚ ሠራሁላት፤ ከዚያ ወዲህ ቆርጬ የምሰጠውን ሁሉ ሳላጸዳ አልሰጥም። እናንተም ከጀርባው ሰው ወይም የግቢ በር አለ ብላችሁ የቆረጣችሁት ፎቶ ካለ ይህን ፈትሹ።

ላፕቶፕ በሌለበት ሰዓት ለሚቸኩል ሰው በሳምሰንግ ጋለሪ ፎቶውን ወደ ላይ ገፍቶ በማስተካከያው በኩል መገኛውን ማንሳት ይቻላል። በአይፎንም ከ2019ኙ አይኦኤስ 13 ጀምሮ ሲያጋሩ ከላይ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጭኖ ሎኬሽንን መዝጋት ይቻላል። ስክሪንሾት አንስቶ እሱን መላክም መገኛውን ያስቀራል፤ ነገር ግን ጥራቱ የስልኩን መስታወት ያህል ብቻ ስለሚሆን ለእርስዎ ሥራ አይመችም።

በርጩማ ሻጯ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወንድሜን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም እንዳላችሁት ሞከርሁ። በላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍቼ «ጂፒኤስ» የሚለውን ሳገኝ ራሴን ያዝሁ። ከ63 ፎቶዎች መካከል መገኛ ያላቸው 41 ናቸው፤ ቀሪዎቹን ያነሳኋቸው ለባትሪ ቁጠባ ብዬ ሎኬሽን ባጠፋሁባቸው ቀናት ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከ41ዱ መካከል ስድስቱ የሚያሳዩት የእኔን ቤት ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ነው፤ ፎቶዎቹ የተነሱት ግን ሳሎኔ ውስጥ ነው። ይህ ለምን ሆነ? ደግሞስ አንዴ ከጸዱ በኋላ ዋናዎቹን ከስልኬ ላይ ጨርሼ ባጠፋቸው አይሻልም?

መልስ፦ ከቡና መስክ

ለሁለተኛው ጥያቄ እባክዎ አያጥፏቸው ለማለት ነው የምጽፈው። በጎማና በማና ወረዳዎች ከቡና አምራች ገበሬዎች ጋር የምሠራ ሰው ነኝ። በአውሮፓ ኅብረት በ2023 የወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ አለመመረቱን እንዲያረጋግጥ አስመጪውን ያስገድደዋል፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ በስድስት አኃዝ መገለጽ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያው ተለክቶ መቅረብ ይኖርበታል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ተደጋግሞ ቢራዘምም ሥራው አልቆመም። እኛም የማሳውን መለኪያ በሌላ መሣሪያ እየያዝን፣ ለማመሳከሪያ ደግሞ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ ፎቶ እናነሳለን።

ባለፈው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ፎቶ መረጃ አደገኛነት አንብቦ፣ በቅን ልቦና የጋራ ፎልደራችንን በሙሉ አጸዳው። ቅጂ አልነበረንም። የተጠፋ መገኛ ከፎቶው ውስጥ ተመልሶ አይመጣም፤ በዝናብና በጭቃ መንገድ ከማሳ ማሳ እየዞርን እንደገና አነሳን። ስለዚህ እህቴ፣ ዋናውን በራስዎ ላፕቶፕ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ የሚያጸዱት ለሰው የሚሄደውን ቅጂ ብቻ ይሁን። አንድ ቀን ሌላ ነጋዴ ፎቶዎን ወስዶ በራሱ ስም ቢለጥፍ፣ ያነሱት እርስዎ መሆንዎን ለማስረዳት የሚረዳዎት ሰዓቱና የስልኩ ስም ያለበት ዋናው ፋይል ነው።

ይህን ስል ግን የገበሬውን ጉዳይ ቸል እንዳልን እንዳይመስልዎት። ቡናው በቤቱ ዙሪያ ስለሚተከል የማሳው ነጥብ ብዙ ጊዜ የገበሬው ቤት ነጥብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ አሁን ዋናዎቹን በአንድ ቦታ ቆልፈን እናስቀምጣለን፤ በቴሌግራም ግሩፕ የምንለዋወጣቸው ግን የጸዱ ቅጂዎች ብቻ ናቸው።

ስለ ስድስቱ ፎቶዎች ከመስክ ልምዴ የምለው፣ ስልክ በጣሪያ ወይም በጥላ ዛፍ ሥር ሲሆን የሳተላይቱን ምልክት በደንብ አያገኝም፤ በዋንዛና በግራር ጥላ ሥር ባለ ቡና ውስጥ ነጥቡ ሲሸሽ በየቀኑ እናያለን። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልኩ ቀድሞ የያዘውን ቦታ ወይም ከኔትወርክ ማማ የገመተውን ሊጽፍ ይችላል።

መልስ፦ የኮምፒውተር መምህር

የቡናው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ራሴ አስቀድሜ መናገር የነበረብኝን ነው የተናገሩት። መዝገቡ ከጸዳም በኋላ የሚቀሩ ጥቂት ነገሮች ስላሉ ልጨምር።

የፋይሉን ስም ይመልከቱ። ብዙ ስልኮች ፎቶውን የሚሰይሙት በተነሳበት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ነው፤ ውስጡን አጽድተው ስሙን ከተዉት ሰዓቱን በር ላይ ለጥፈውት ሄዱ ማለት ነው። «በርጩማ 1»፣ «በርጩማ 2» እያሉ ይሰይሟቸው።

የወንድምዎ ሳምሰንግ «ሞሽን ፎቶ» የሚባል ነገር ካለውና ከበራ፣ ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት አካባቢ ያለውን አጭር ቪዲዮ ከነድምፁ በዚያው የፎቶ ፋይል ጀርባ ላይ ያስቀምጣል። በፋይልነት ሲላክ አብሮ ይሄዳል። ልጆቹ በስማቸው ሲጠራሩ፣ እርስዎ በስልክ ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ ለገዢ ሊደርስ ይችላልና ያጥፉት።

ምስሉ ራሱ የሚናገረውን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያጸዳውም። ከበረንዳዎ ባሻገር የሚታይ የመስጊድ ሚናራ፣ የውኃ ጋን ወይም የጎረቤት በር ቀለም ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው ከጂፒኤስ አይተናነስም። ከበርጩማው ጀርባ ነጭ አንሶላ ቢዘረጉ ብርሃኑንም ይጠቅመዋል።

ለተላኩት፣ ቴሌግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ውይይት ውስጥ የላኩትን መልእክት ከሁለቱም ወገን እንዲያጠፉ ይፈቅዳል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ሲያጠፉ «ከተቀባዩም ይጥፋ» የሚለውን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ። ተቀባዩ ወደ ስልኩ ጋለሪ ያወረደው ቅጂ ግን ከእጅዎ ወጥቷል፤ ለእነዚያ ሰዎች ደውሎ «ፎቶውን አጥፉልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው የሚቀረው፤ መጠየቅም አያሳፍርም።

በርጩማ ሻጯ፦

ዛሬ ከምሳ በኋላ የሁለት ዓመት ውይይቴን ከላይ እስከ ታች አገላብጬ በፋይል የላክኋቸውን ፎቶዎች ሁሉ ከሁለቱም ወገን አጠፋሁ። የተቀበሉኝ ሰዎች 17 ናቸው፤ ዘጠኙን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፣ ሁሉም ያለ ቅሬታ አጠፉልኝ። ያ ቅዳሜ ዕለት የመጣው ወጣትም አጥፍቶ፣ «እኔም እኮ የእናቴን ቤት ፎቶ በዚሁ መንገድ ስልክ ነበር» ብሎ እንዴት እንደሚያጸዳው ጠየቀኝና አሳየሁት።

የወንድሜ ሳምሰንግ ሞሽን ፎቶው በርቶ ነበር። ከላካቸው መካከል አንዱን ከፍተን ስናዳምጠው ታናሹ ልጄ የእህቱን ስም እየጠራ ሲስቅ ይሰማል። ያንን ፎቶ የተቀበሉት ሁለት ሰዎች ካልደረስሁባቸው ስምንቱ መካከል ስለሆኑ ነገ ጠዋት በዘመዳችን ሱቅ በኩል አፈላልጋቸዋለሁ።